ፓርኪንግ ውስጥ ምሰሶ ነካሁ፣ ጋራዡ ሁሉንም ቀይሬ ቀብቼ ነው የምሰጥሽ አለኝ፣ ይሄ ሁሉ የግድ ነው?

ልጅቷ_ሾፌር፦

ሰላም ናችሁ፣ ሁሌ አንባቢ ነበርኩ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። መኪናዋ የእናቴ ናት፣ ለሥራ መመላለሻ ብላ ነው የሰጠችኝ፣ ሴዳን ነች ቀለሟ ብርማ ሜታሊክ፣ እስካሁን አንድም ቦታ ተነክታ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ለት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ወደኋላ ስወጣ መሪውን ቀድሜ አዞርኩና የኋላ ቀኝ ጎኗን ቢጫ ቀለም የተቀባ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ፈገፈግኳት። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው ግን ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የተጎዳውን በደንብ ልንገራችሁ ብዬ ባትሪ ይዤ ዞሬ አየሁት። የኋላ ፓራውልቱ ጥጉ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አልተሰነጠቀም ግን። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ መዳፌን በሚያህል ስፋት ሰርጎድ ብሏል፣ ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ ከጎን ሆነው ካላዩት አይታወቅም እንኳ። የኋላ በሩ ላይ ክንድ የሚያህል ቢጫ መስመር አለ፣ ከሥሩ ጭረት ይኑር አይኑር አላውቅም። አራተኛው ትንሽ ነው ግን እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ የጎማው ቅስት ጠርዝ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተገሽልጦ ብረቱ ይታያል።

ሰኞ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው አንዴ ዞር ብሎ አይቷት ፓራውልቱ ይቀየራል፣ ፓራፋንጎው ስቱኮ (ጉድጓዱን የሚሞላ ሊጥ) ተደርጎ ይቀባል፣ በሩም አብሮ ይቀባል፣ አንድ ሳምንት ትቆያለች አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የወር ደሞዜን ይበልጣል። ምን ምኑ ስንት እንደሆነ ብጠይቀው ጠቅላላ ነው አለኝ በቃ።

ጥያቄዬ፣ እውነት ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል? በራሴ ልሠራው የምችለው ነገር አለ? እነዚህ እንደ ጥፍር ቀለም በብሩሽ የሚቀቡት ነገሮችስ ይሠራሉ ወይስ ያበላሹታል? ኢንሹራንስ አለን ግን ለዚህ መጥራቱ ያዋጣል? ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ አልተቆጣችም፣ እሱ ነው ደሞ የባሰ የከበደኝ፣ በደንብ አሠርቼ ልመልስላት ነው የምፈልገው።


ጎማ_ቁጥር_4፦

አይዞሽ እህቴ፣ እንኳን ሰው አልተነካ፣ ብረት ይስተካከላል።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺ ተጠንቀቂ። የኔም ብርማ ነበረች፣ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቀለም ተነስቶ ነበር፣ ለዚች ጋራዥ አልሄድም ብዬ ሱቅ ገብቼ በዓይኔ የሚመስለኝን ብርማ ስፕሬይ ገዛሁ። ኮድ ምናምን አላየሁም፣ ብርማ ብርማ ነው ብዬ። ዙሪያውን በወረቀት ከልዬ ፀሐይ ላይ አቁሜ ነፋሁበት። ሲደርቅ የኔ መኪና ብርማ ወደ ሰማያዊ ያደላል የገዛሁት ደሞ ወደ ግራጫ፣ ወረቀቱ ያለፈበት ጠርዝ እንደ ሥዕል ፍሬም ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ላዩ ላይ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ የላይኛ ሽፋን ስላልነፋሁበት ደሞ ደብዝዞ ነው የሚታየው። በኋላ ባለሙያ ጋ ስወስዳት መጀመሪያ የኔን ቀለም አንስቶ ነው ሥራውን የጀመረው፣ ፓራፋንጎውን ሙሉ ረጭቶ ወደ በሩም አሳልፎ ነው ያመሳሰለው። የሳንቲሟን ቦታ ብቻ በብሩሽ ብነካካት ኖሮ ማንም አያያትም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት የቀለም ኮዱን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ የሾፌሩን በር ስትከፍቺ በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ኮፈን ሥር ነው፣ አንዳንዱ ኮመዲኖው ውስጥ ወይም የተጠባባቂ ጎማው ቦታ ላይ ነው። ቶዮታ ከሆነች ለምሳሌ ሲ/ቲአር ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ነው የቀለሙ።

በሩን ደሞ ማንም እንዲቀባብሽ ከመፍቀድሽ በፊት እጠቢው፣ ያ ቢጫ የምሰሶው ቀለም ይመስለኛል እንጂ የጭረት አይመስለኝም።


ባትላሜራው፦

22 ዓመት ላሜራና ቀለም ላይ ነው የኖርኩት፣ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሱኝ ምክንያቱም በየቀኑ እንደዚ አይነት ሰው እያለቀሰ ይመጣል፣ ግማሹ ባላስፈለገው ነገር ከፍሎ የመጣ ነው።

ልጄ መጀመሪያ አንድ ነገር ያዢ። እንደዚ ባለ ትንሽ ጉዳት ላይ ገንዘቡ ያለው ርጭቱ ላይ ነው። ላሜራውን ማቃናቱ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው። አንድ ክፍል ቀለም ሊረጭ ከሆነ ይፈታታል፣ ይከለላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ፕራይመር የሚባለው የሥር ቀለም ይመታል፣ ቀለም ይመሳሰላል፣ ክሊር ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ፖሊሽ ይደረጋል፣ ስፋቱ የመዳፍ ሆነ የክንድ ይሄ ሁሉ ሥራ ያው ነው። ባንቺ ላይ የሚከፋው ሜታሊክ መሆኗ ነው። ሜታሊክ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ቅንጣት ሲረጭ እንደ አየሩ ግፊት፣ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ሰውየው እጅ ተራ ይለያያል፣ ኮዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ከአንዱ ጎን ሲታይ ይነጣል ከሌላው ይጠቁራል። ስለዚህ አዋቂ ቀለም ቀቢ ፓራፋንጎውን ሲረጭ ቀለሙን እያሳሳ ወደ በሩ ያሳልፈዋል፣ ክሊሩን ደሞ በሁለቱም ላይ ሙሉ ይረጫል፣ ያለዛ ድንበሩ ይታያል። አየሽ አንድ ክፍል ሁለት ሆነ። ጋራዡ በሩንም እቀባለሁ ያለሽ ዝም ብሎ ላይሆን ይችላል፣ ፓራፋንጎው ከተረጨ ማለቱ ነው። እንግዲህ ያንቺ ሥራ ፓራፋንጎው ላይ ርጭት እንዳያርፍ ማድረግ ነው፣ እሱ ከዳነ በሩም ዳነ።

ፓራፋንጎው ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ያለ ቀለም ማውጣት የሚባለውን የሚሠራ ሰው ፈልጊ፣ ፒዲአር ይሉታል። ስቱኮ የለ ቀለም የለ፣ ከኋላ በኩል ረጃጅም ብረት አስገብተው በኤልኢዲ መብራት ነጸብራቅ እያዩ ቀስ እያሉ ይገፉታል፣ ከኋላ እጅ የማይገባ ከሆነ ከፊት በኩል ሙጫ ለጥፈው ይስቡታል። የሚሳካው መቼ ነው ካልሽ፣ ሰርጉዳቱ እንደ ሳህን ክብና ለስላሳ ሲሆን ነው። እንደ ቢላ የተሳለ እጥፋት ካለው፣ ጠርዝ ላይ ወይም የላሜራው የዲዛይን መስመር ላይ ከወደቀ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የኋላ ፓራፋንጎ ከሆነ ሻንጣው ውስጥ ያለው ምንጣፍ ሲነሳ ወይም የኋላ መብራቱ ሲወጣ ከውስጥ ይገኛል ብዙ ጊዜ። ማግኔት አስጠጊበት ደሞ፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት ወደ ቦታው መመለስ አይወድም ስለዚህ ሰውየው አሉሚኒየም ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ አለብሽ። ማግኔቱን ግን በጨርቅ ጠቅልይው እንዳይጭር።

በሩን በሚመለከት የፋብሪካ ቀለም ከፕራይመሩ እስከ ላይኛው ክሊር ሁሉም ተደምሮ ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ የሁለት ፀጉር ውፍረት በይው። ላይኛው ክሊር ብቻውን 40 ወይ 50 ቢሆን ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቢው፣ አሸዋ እንዳይቀር። ከዛ ኮምፓውንድ የሚባለውን ማሻ ክሬም ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርገሽ በእጅሽ ቢጫውን ብቻ አሺው። ይለቃል፣ ምክንያቱም ቢጫው ያንቺ ቀለም ላይ የተቀመጠ ነው። ጠርዝና የላሜራው የዲዛይን መስመር ላይ አትበርቺ፣ እዛ ጋ ክሊሩ ስስ ነው። የቀለም ቤት ቲነር እንዳታስጠጊ፣ በተለይ በፊት ተቀብታ የምታውቅ መኪና ላይ ቀለሙን ያላላዋል። ቢጫው ሲለቅ የሚቀረውን ጭረት በውሃ አርጥቢው፣ ሲረጥብ ከጠፋ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው በፖሊሽ ይወጣል ወይም ይደበዝዛል። ካልጠፋና ጥፍርሽን ስታሳልፊበት የሚይዝሽ ከሆነ ጠልቋል፣ ፖሊሽ አያወጣውም፣ ልግፋበት ብትይም ክሊሩን ጨርሰሽ ትበሺዋለሽ።

ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፣ ባብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል የተሠራበትንም ቅርጽ ያስታውሳል። ካልተሰነጠቀ ለምን እንደሚቀየር አይገባኝም። ከውስጥ በኩል እጅ እንዲገባ የጎማውን የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ በጥቂት ብሎን ፍቺና ሰው አንድ ጎን ሆኖ የፈላ ውሃ ቀስ እያለ ላዩ ላይ ያፍስስ፣ አንቺ ወፍራም ጓንት አድርገሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፊው። ብቅ ሲል ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት ቅርጹን ይይዛል። በብርድ ቀን ሳይሞቅ በጉልበት አትግፊው፣ ፕላስቲኩ ቢመለስ እንኳ ቀለሙ ይሰነጠቃል። የፓርኪንግ ሴንሰር ካለው ገመዱን እንዳትጎትቺ። በዛው እጅሽን አስገብተሽ ከውስጥ ያሉት የሚይዙት ክሊፖችና ድጋፎች አለመሰበራቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ፣ ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ የተሰበረ ብዙ አይቻለሁ። ሌላው ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የጎን ዕይታ የሚያስጠነቅቅ ሲስተም ያላቸው አንዳንድ መኪኖች ራዳራቸው ከኋላ ፓራውልት ጥግ ከውስጥ ነው ያለው። እዛ ቦታ ላይ ስቱኮ ወይም በቀለም ላይ ቀለም ከተደረበ ራዳሩ በትክክል ላያይ ይችላል፣ የመኪናዋን መጽሐፍ ሳታዪ ማንም ስቱኮ እንዳይለጥፍበት።

አሁን ወደምትፈሪው ልምጣ። የፈራሽው ልክ ነው፣ ከአራቱ የማይቆየው እሱ ብቻ ነው። ሰርጉዳቱ ዓመት ቢቆይ ሰርጉዳት ነው፣ ብረቱ ግን ከጎማው ጭቃና ጠጠር እየተወረወረበት ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገት ደሞ ከቀለሙ ሥር ሥሩን ነው የሚሄደው፣ ላዩ እስኪያብጥ አታዪውም። ዛሬ ማታ መሥራት ባትችዪ እንኳ አድርቀሽ ቴፕ ለጥፊበት። እነዚህ በብሩሽ የሚቀቡት ለዚህ ነው የተሠሩት፣ ለዚህ ቦታ ልክ ናቸው። ዝገት ካለ በትንሽ ብርጭቆ ወረቀት ነጥቧን ብቻ ፈግፍጊ፣ በአልኮል ጥረጊ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል) ፕራይመር በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ነካ አድርጊ፣ ይድረቅ፣ ከዛ ቀለሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፣ መሃል መሃሉ እየደረቀ፣ መጨረሻ ክሊር። አንዴ በወፍራሙ ከጠፈጠፍሽው ጉብ ብሎ ይቀራል ሥሩም በደንብ አይደርቅም።

ጋራዥ ስትሄጂ ደሞ ጠቅላላ የሚለውን አትቀበዪ። ለመፍታትና ለመግጠም ስንት፣ ለላሜራ ስንት፣ ለቀለም ዕቃ ስንት፣ የትኛው ክፍል ድረስ ነው የሚረጨው፣ እጀታና የመስኮት ጎማ ይፈታል ወይስ በወረቀት ይከለላል ብለሽ ጠይቂ። በወረቀት ከልሎ የሚረጭ ርካሽ ነው ግን ጊዜ ሲሄድ ከመስኮት ጎማው ጠርዝ መላጥ የሚጀምረው እሱ ነው። ሦስት ቦታ ጠይቂ፣ ለሦስቱም ያንኑ ጥያቄ፣ ያለዛ ዋጋቸውን ማወዳደር አትችዪም።


ቆጣቢው፦

ባትላሜራው ጥሩ ብሏል ግን ለሰርጉዳቱ ብር ማውጣት ለምን አስፈለገ፣ ፀጉር ማድረቂያ አሙቀሽ በረዶ ብትለጥፊበት ብቅ ይላል፣ ቪዲዮው ሞልቷል። ፓራውልቱም እምቢ ካለሽ ከተቆራረጡ መኪኖች የሚሸጡ ዕቃዎች አሉ፣ ያንቺኑ ቀለም ካገኘሽ ገጥመሽ ትሄጃለሽ፣ ቀለም የለ ምን የለ። እኔ የበር ስፖኪዮ እንደዛ ነው ያገኘሁት ቁርጥ የራሷ ነው የሚመስለው።


ባትላሜራው፦

ሁለተኛው ሐሳብህ በጣም ጥሩ ነው ወንድሜ እኔ መጻፍ ነበረብኝ። ያገለገለ ፓራውልት ስትገዢ የቀለም ኮዱንና ሞዴል ዓመቱን አይተሽ፣ የሴንሰር ቀዳዳው ካንቺ ጋር አንድ መሆኑን፣ ከውስጥ የሚይዙት ጆሮዎች አለመሰበራቸውን አይተሽ ግዢ። ኮዱ አንድ ቢሆንም አንዷ ፀሐይ ላይ ስትውል ሌላዋ ጥላ ሥር ከቆየች ትንሽ ይለያያሉ፣ ፓራውልትና ላሜራ ግን ከፋብሪካም ሲወጡ ትንሽ ስለሚለያዩ ዓይን ይቀበለዋል። በር ላይ ቢሆን ግን ይታወቃል።

የፀጉር ማድረቂያና በረዶውን ግን ልቃወምህ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ሙቀት ይሠራል ብያለሁ። ብረት ግን አንዴ ተስቦ ቦታው ከለቀቀ ፀጉር ማድረቂያ በሚሰጠው ሙቀት አይመለስም። ቪዲዮ ላይ ብቅ የሚለው ገና ያልተሳበ፣ እንደ ጣሳ ክዳን ተጭነሽው የገባ፣ በእጅም ከውስጥ ብትመቺው የሚወጣ አይነት ሰፊ ሰርጉዳት ነው። የእህታችን ምሰሶ ላይ ተፈግፍጎ የገባ ነው። ብታሞቂው የሚጎዳሽ ነገር ላይኖር ይችላል፣ ግን ካልወጣ ወደ መዶሻ እንዳትሄጂ አደራ፣ አንዴ በመዶሻ ተመትቶ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ፒዲአር የሚሠራው ሰው ምንም ሊያደርግልሽ አይችልም፣ ያኔ ስቱኮና ርጭት ውስጥ ገባሽ።


የኢንሹራንስ_ጉዳይ፦

እኔ ካሳ ክፍል ነው የምሠራው፣ የኢንሹራንሱን ልመልስልሽ። ውልሽ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንዱ ኤክሰስ የሚባለው ነው፣ ከማንኛውም ጥገና መጀመሪያ አንቺ ከኪስሽ የምትከፍዪው ማለት ነው። ጥገናው ከኤክሰሱ ካነሰ ካሳ የሚባል ነገር የለም፣ ትንሽ ብቻ ከበለጠም ቀጥሎ ያለውን አስቢ። ሁለተኛው ካሳ ሳትጠይቂ ለቆየሽባቸው ዓመታት የሚቀነስልሽ ቅናሽ ነው፣ ለዚች ብለሽ ካሳ ብትጠይቂ ቅናሹ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል፣ ከዛ በሚቀጥሉት ዓመታት የምትጨምሪው አረቦን ከዛሬው ጥገና ሊበልጥ ይችላል። ውሉ በእናትሽ ስም ከሆነ ቅናሹም የሳቸው ነው፣ ስለዚህ ከሳቸው ጋር ሆናችሁ ብታሰሉት ይሻላል።

ካሳ ባትጠይቂም ብዙ ውሎች ላይ አደጋ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ውስጥ አሳውቁ የሚል አንቀጽ አለ፣ አንብቢው። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ምሰሶውም የሰው ንብረት ነው፣ ተፍቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ የፓርኪንጉን ባለቤት አናግሪ። ደሞ ምንም ከመንካትሽ በፊት፣ ሳትታጠብም ከታጠበችም በኋላ፣ ፎቶ አንሺ፣ ከሩቅም ከቅርብም። በኋላ ፓራውልቱ ሲፈታ ውስጡ የተሰበረ ነገር ተገኝቶ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ያለ ፎቶ ማስረዳት ይከብድሻል።


ልጅቷ_ሾፌር፦

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ በተለይ ባትላሜራው አባቴ እድሜ ይስጥዎት፣ ጽሑፍዎትን ፕሪንት አድርጌ ነው ይዤ የወረድኩት።

ትናንት ፎቶ አንስቼ አጠብኳትና ቢጫውን አሸሁት፣ ወንድሜ በሩን እያየ ቆሞ ነበር እሱም አላመነም፣ ሦስት ጊዜ ስደጋግመው ሙልጭ ብሎ ለቀቀ! ከሥሩ ሦስት ጭረት ነው ያለው። ሁለቱ በውሃ ሲረጥቡ ይጠፋሉ፣ አንዷ ግን ጥፍሬን ያዘችኝ፣ ርዝመቷ የጣት ያህል ነው፣ ብረት ግን አይታይባትም ግራጫ ነው ውስጧ። ማግኔቱ ፓራፋንጎው ላይ ይይዛል። የብረቱን ቦታ ለጊዜው አድርቄ ቴፕ ለጥፌበታለሁ፣ ኮዱንም በሩ ምሰሶ ላይ አገኘሁት። ከእናቴ ጋር ውሉን አየነው፣ ኤክሰሱ ከፍተኛ ስለሆነ ካሳው ይቅር ብለናል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ያቺን የጣት ያህል ጭረት ምን ላድርጋት? ጓደኛዬ ደሞ ማጠንከሪያው ቆርቆሮው ውስጥ ያለ 2ኬ የሚባል ክሊር አለኝ፣ እንደ ጋራዥ ነው የሚያብረቀርቀው፣ ቤታችሁ ግቢ ላይ ልርጭልሽ እያለኝ ነው።


ባትላሜራው፦

ጎበዝ ልጅ። ግራጫው ፕራይመር ነው፣ ብረቱ አልተነካም ማለት ነው ስለዚህ አያጣድፍም። ያንኑ የብሩሽ ቀለም ተጠቀሚ ግን ከቆርቆሮው ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለጭረት ይወፍራል፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ግዢና ጭረቱ ውስጥ ብቻ ሙሊው። ብርማ ስለሆነ ቀረብ ብለሽ ካየሽው ይታይሻል፣ ሁለት እርምጃ ርቀሽ ስታዪው አይታይም፣ በእጅ ሥራ ከዛ በላይ አትጠብቂ። በደንብ ሲደርቅ ጉብ ካለ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠብሽ ጉብታውን ብቻ፣ ከዛ ፖሊሽ።

ያን ክሊር ግን እምቢ በይው። ጥራቱን አልክድም እኛም ያንን አይነት ነው የምንረጨው፣ ጥንካሬው ግን የሚመጣው ማጠንከሪያው ውስጥ ካለው አይሶሳያኔት ከሚባል ኬሚካል ነው፣ እሱ ሲረጭ በአየር የሚገባው ጉም ሳንባ ላይ አስም ሊያመጣ ይችላል፣ አንዴ ሰውነትሽ ከተቆጣበት በኋላ ትንሽ ሽታው እንኳ ይበቃዋል። አብሮኝ የሠራ ልጅ በዚህ ምክንያት ሙያውን ጥሎ ወጥቷል፣ የሚያሳዝን ነው እጁ ወርቅ ነበር። እኛ ከውጭ ንጹህ አየር በቱቦ የሚሰጥ ማስክ አድርገን ነው በርጭት ክፍል ውስጥ የምንሠራው፣ የአቧራ ማስክ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። ግቢ ውስጥ ሰው እየተላለፈ፣ ልጅ እየተጫወተ አይረጭም። በብሩሽ የሚቀባ ተራ ክሊር ለጣት ያህል ጭረት በቂ ነው።


ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

እኔ የማውቀውን አንድ ልጨምር። ላሜራና ቀለም የሚያስተምሩ የሙያ ማሠልጠኛዎች ካሉ መጠየቅ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ተማሪዎቹ እንዲለማመዱ በዕቃ ዋጋ ብቻ ይቀበላል፣ መምህሩ ቆሞ ነው የሚያሠራቸው። ጊዜ ይወስዳል፣ መኪናዋ በየቀኑ የምትፈለግ ከሆነ አይመችም። እኔ የኮፈኔን ቀለም እንደዛ ነው ያሠራሁት አንድ ወር ቆየች ግን ሥራው እስካሁን አለ።


ጎማ_ቁጥር_4፦

ፒዲአር የሚሠራውን ሰው ስትፈልጊ ፎቶ ብቻ ልከሽ ዋጋ አትስማሚ፣ ሰርጉዳት በፎቶ አይታይም ወይ በጣም ይጋነናል ወይ ይጠፋል፣ ሄደሽ በዓይኑ ይየው። የሠራቸውን አሳየኝ በይው፣ ቀጥ ያለ የቱቦ መብራት ወይም የሕንፃ ጠርዝ ላሜራው ላይ ሲያንጸባርቅ መስመሩ ሳይጎብጥ ካለፈ ሥራው ንጹህ ነው። ያላዋቂ ከውስጥ አብዝቶ ከገፋው ጥቃቅን ጉብታ ነው የሚተውልሽ።


ልጅቷ_ሾፌር፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት ግን አልፈለግኩም።

ፓራውልቱን ከወንድሜ ጋር ፀሐይ ሲበረታ ጠብቀን በፈላ ውሃ ሞከርነው። መጀመሪያው ላይ አልንቀሳቀስ ብሎ ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ ለካ ውሃውን በአንዴ አፍስሰን ቶሎ እየገፋን ነው፣ በሦስተኛው ማንቆርቆሪያ ቀስ ብለን ስናሞቀው ዷ ብሎ ወጣ። ጥጉ ላይ አንድ ክሊፕ ተሰብሮ አገኘነው፣ እሱን ብቻ ገዝቼ ገጠምነው፣ ከፓራፋንጎው ጋር የነበረው ክፍተትም ተዘጋ። እጅ የምታህል ቦታ ላይ ትንሽ ማዕበል ነገር ቀርቷል ግን ማንም አላየልኝም።

ፓራፋንጎውን ሁለት ሰው ጋ ወሰድኩት። አንደኛው ሳያየው ይወጣል አለኝ፣ ሁለተኛው መብራት ይዞ አሥር ደቂቃ ያህል አየና ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ እጥፋት አለው፣ ዘጠና ከመቶው ይወጣል እሱ ግን በመብራት ሲታይ ይቀራል አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ ሁለተኛው ጋ አሠራሁት። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ እንዳለውም ሆነ፣ የሚቀረውን ካላሳየኋችሁ አታገኙትም። የከፈልኩት በሙሉ፣ ክሊፑም ቀለሙም ፖሊሹም ተደምሮ፣ መጀመሪያ ከተጠራልኝ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም።

የብረቱን ቦታና ጭረቷን በብሩሽ ጨርሻለሁ፣ አራት ቀን ሆነው። እናቴ ቅዳሜ መኪናዋን ልታይ ትመጣለች፣ ሰም ቀብቼ ላብረቅርቃት ፈልጌ ነበር፣ አሁን ብቀባ ችግር አለው?


ባትላሜራው፦

ሌላውን ሁሉ ቅቢው፣ ሁለቱን የነካሻቸውን ቦታዎች ግን እለፊያቸው። አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ እስኪያልቅ መተንፈስ አለበት፣ ቢያንስ አንድ ወር ስጪው። በግፊት ውሃ የሚያጥቡበት ቦታም እስከዛ አትውሰጃት፣ በእጅ በስፖንጅ ይበቃታል። ያ የጎማው ቅስት ላይ ያለውን ክረምት ሲወጣ አንዴ እዪው፣ ዙሪያው ካበጠ ዝገቱ አላለቀም ማለት ነው፣ ያኔ ፎቶ ለጥፊልኝ።